አባቴ የፈረዱበት ልብ ወለድ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ውስጥ፣ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆሜ አንዱን አነሳሁና እንደ ልማዴ ገልጬ አሸተትኩት። አትሳቂብኝ፤ እኔ መጽሐፍ ሳላሸት አልገዛም። እርጥበት የጠጣ ወረቀትና የደረቀ ሙጫ ይሸታል፤ ከሥር ደግሞ የሆነ የጭስ ጠረን አለው። ከዚያ ዓይኔ መሃል ገጹ ላይ አረፈ። ሦስት መስመር ሳላነብ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ሻጩ "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ቁጭ አልኩና መንገደኛው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ፣ መካነ ሰላም፣ በረንዳችን ላይ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብዬ ለአባቴ ያነበብኩት ልብ ወለድ ነው። የፍቅርና የወንጀል ታሪክ፤ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ዓይነት። የኛው ሽፋን ስላልነበረው ርዕሱን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ አላውቀውም ነበር። አሁን አወቅኩት፤ ግን አልነግርሽም። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥና ጽጌረዳ ተሥሏል፤ ርዕሱም ከሥዕሉ አይሻልም። ደግነቱ አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሳይሰሙት ሄዱ። ቢሰሙት ኖሮ ፍርዱ ይከብድ ነበር።

ይኸውልሽ፣ መጽሐፉን ያዋሰችኝ ጊቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ነርስ ነበረች። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ክርስቲያን፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ልጅ። እናቴ እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታያት። "አንብቢው፤ ከጀመርሽው ግን ምሳም እራትም አትበይም፣ ኋላ እኔን እንዳትረግሚኝ" ብላ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ፎቶ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ያኔ ፎቶ በጨለማ ክፍል፣ በመድኃኒት ነበር የሚታጠበው። አንድ ቀን ባለቤቱ ያልታወቀ ፊልም ስታጥብ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ የአንድ ሰው ፊት ይወጣል። ሰውየው ከስድስት ወር በፊት ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ነጋዴ ነው። ፎቶው ላይ ግን ያን ሳምንት የወጣ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። በማግስቱ ፊልሙን ፈልጎ የሚመጣው የነጋዴው ታናሽ ወንድም ይሆናል፤ ልጅቷም፣ እንደምትገምቺው፣ ልቧ በሱ ይጠፋል። ወንድሙን የሰወረው እሱ ይሁን አይሁን ግን አታውቅም። እኛም አናውቅም።

እኔ ደግሞ ያን ክረምት የራሴ ልብ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነበረኝ። የአስረኛ ክፍል ውጤቴ መጥቶ ደሴ ሄጄ ለመምህርነት እንድሰለጥን ተመርጬ ነበር። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። አባቴ ሐምሌ ላይ ለለቅሶ ብለው ደሴ ደርሰው ከመጡ ወዲህ ስጠይቃቸው "ኢንሻአላህ" ብቻ ይሉኛል። የአባቴ ኢንሻአላህ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ "እሺ" ማለት ነው፣ ሌላው "እስኪ እናያለን።" ይሄኛው የትኛው እንደሆነ እናቴ እንኳ ልትለየው አልቻለችም።

በዚህ መሃል አጎቴ መጡ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከከላላ በኩል በበቅሎ፣ በወር አንዴ ለገበያ ይመጣሉ። ሲመጡ የሚቀመጡበት መደብ የታወቀ ነው፤ አጎዛው ሁልጊዜ እንደተነጠፈላቸው ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ የሚመጡበትን ቀን ረስቼ ልብ ወለዱን ከዚያው አጎዛ ሥር ነበር የደበቅኩት።

"ምንድነው የሚቆረቁረኝ?" ብለው አጎዛውን ገለጡት። አጎቴ ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ ሲያነቡ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ድንጋይ ነው የሚያነሷት። እጃቸው እንዳደረሳቸው ገለጡና ጮክ ብለው ጀመሩ፦ "እ... ጇ... ን... ያ... ዛ... ት።"

"ማነው የያዛት?" አሉ አጎቴ ቀና ብለው። "ይኸው!" አሉ ወደ አባቴ ዞረው፤ "ገና ደሴ ሳትደርስ እጇን ተይዛለች! ሴት ልጅ ብቻዋን ደሴ እያልክ ታመነታለህ፤ ይኸው ምልክቱ!"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እስካሁን አላውቅም። አባቴ ግን እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ተቀበሉ፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና በመዳፋቸው ደባበሱት።

"ጨርሰው አንብበውታል?" አሉ አጎቴን።

"አስተግፊሩላህ! እኔ?"

"እኔም አላነበብኩትም። እንግዲህ ሁለታችንም ሳናነብ ከፈረድን ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሆንብናል። ልጅቱ ታንብብልኝና ልስማው። በሚመጣው ወር ሲመለሱ ፍርዱን ይሰማሉ። ልጅ የሚያበላሽ ነገር ከሆነ እዚሁ ትቀመጣለች፤ ካልሆነ ደሴ ትሄዳለች።"

እስኪ አስቢው፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ትምህርት ሽፋን እንኳ በሌለው ልብ ወለድ ጫንቃ ላይ ወደቀ!

አባቴ ቁርአን ነበር የሚያስተምሩት። በኛ አገር ሃይማኖቱን የሚማርን ልጅ ደረሳ ይሉታል፤ ደረሳው የሃይማኖት መጽሐፉን፣ ኪታቡን፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሸኹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲሳሳት ያስቆሙታል፣ ያብራሩለታል፣ "ቀጥል" ይሉታል። ልብ ወለዱንም እንዲሁ ነው ያነበብነው። ከሰዓት ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ደረሶቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔ በረንዳው ላይ እግሬን አጥፌ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። እናቴ ውስጥ ሆና መስኮቱ ሥር ምስር ትለቅማለች፤ ያን ወር የለቀመችው ምስር ለሰርግ ይበቃ ነበር።

አባቴ ራሳቸው ለምን አላነበቡትም ትዪኝ ይሆናል። ዓይናቸው ደከም ብሎ ነበር። "አቧራ ነው" ይላሉ፤ በነሐሴ አቧራ! እኔም አልተጠራጠርኩም። ቁርአኑን በቃላቸው ነው የሚያስተምሩት፤ ኪታቡን፣ ደብዳቤውን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳይቀር ከትንሽነቴ ጀምሮ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ለምዶብናል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዘዴ ዘየድኩ፤ የፍቅሩን ቦታ እዘላለሁ። ምን ላድርግ፣ አባት ፊት እንዴት ይነበባል! እጅ የሚያያዙበት ላይ ስደርስ ዓይኔን ወደ ታች ወርወር አድርጌ "ዝናቡም ቆመ" ከሚለው ቀጠልኩ።

"ዘለልሽ" አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ኧረ አባ..."

"ልጅቱ 'ፊቴን አዞርኩ' አለች። ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ከዚህ እዚያ መንገድ የለም። ስንት መቶ ልጅ አንቀጽ ዘሎብኝ ያውቃል መሰለሽ? ተመለሺ።"

ተመለስኩ። ጆሮዬ እየጋለ፣ ድምፄ እንደ ትንኝ እየቀጠነ አነበብኩት። አባቴ ትንሽ አሰቡና "ኒካህ አስረዋል?" አሉኝ።

"ገና ናቸው አባ።"

"እንግዲያው ፈጠን ብለሽ እለፊው። ግን አትዝለይው።"

ውስጥ እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ምስሩን ደፋችው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አባቴ ደራሲውን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ይመረምሩት ጀመር። "ይሄ ሰው ፎቶው መቼ ታጠበ አለ?" ይሉኛል። "ማክሰኞ" እላለሁ። "አሁን ልጅቱ ለጓደኛዋ 'ሰኞ ፊቱን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም' ትላለች። ሳይታጠብ በምን አየችው?" ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው እውነትም ማክሰኞ ነው። ጽፎ ያሳተመው ሰው ያላየውን አንድ ጊዜ የሰሙት አባቴ ያዙት። ቅዳሜ የገዛሁትንም አየሁ፤ ሰኞና ማክሰኞው እስከ ዛሬ እንደተጣሉ ናቸው።

ሌላም ነበራቸው። "እዚህ መጽሐፍ ውስጥ መልከ ጥፉ ሰው የለም? ፖሊሱም ቆንጆ፣ ሐኪሙም ቆንጆ!" ይላሉ። "ለምንድነው ማንም ምሳ የማይበላው?" ይላሉ። ሰዎቹ ባሕር ዳርን በሚያህል ከተማ ውስጥ በፈለጋቸው ሰዓት ድንገት መንገድ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ትዕግሥታቸው ያልቃል። "መካነ ሰላም እንኳ ሰው ፈልጌ ሦስት ቀን አጣለሁ!"

ግን ስሚኝ፣ ይሄን ሁሉ እያሉ ጆሯቸውን አልነቀሉም። አንድ ቀን ልጅቷ ጨለማው ክፍል ውስጥ እያለች በሩ ከውጭ ይቆለፍባታል፤ ምዕራፉም እዚያ ላይ ያልቃል። የማታው ሶላት፣ መግሪብ፣ ደርሶ ስለነበር መጽሐፉን ዘጋሁ።

"ምነው ዘጋሽ?"

"መግሪብ ነው አባ።"

"መግሪብ መሆኑን አውቃለሁ!" አሉ ተቆጥተው። የተቆጡት በኔ አልነበረም። ራት ላይ ሁለት ጉርሻ በልተው እጃቸውን ሰበሰቡና "የፎቶ ቤት በር ከውስጥ መክፈቻ የለውም እንዴ?" ብለው እናቴን ጠየቋት።

"እኔ በምን አውቄ! ሸኽ ኖት ወይስ አናጢ?" አለቻቸው።

በማግስቱ ደረሶቹ ከወትሮው ቀድመው ተለቀቁ። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ጥግ ቆማ ከት ብላ ሳቀች። "ሸኽዬ፣ ማን እንደቆለፈባት ልንገርዎት?" ስትላቸው እጃቸውን አነሱ፤ "ወላሂ አንድ ቃል ከተነፈስሽ ከዚህ ጊቢ ትወጫለሽ!"

የወደዱለትም ብዙ ነው። ወንድምየው የፎቶው መድኃኒት የልጅቷን ጣቶች እንዳቆሰለው ያስተውላል። ምንም ሳይል በሌላ ቀን የላስቲክ ጓንት ይዞላት ይመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ይሄን ሳነብ አባቴ "አሃ" አሉ። "ይሄ ሰው መውደድ ያውቃል።" እናቴ ከውስጥ "ይሰማሉ?" አለች። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ቀጥዪ" አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛቸውም። ልጅቷ ምዕራፍ ሦስት ላይ የታመመች እናቷን አዴት ትታ ነው ባሕር ዳር የምትመለሰው። ከዚያ በኋላ ደራሲው እናትየውን ጭራሽ ረሳት። አባቴ በየቀኑ "እናቷስ?" ይላሉ። "አላነሳትም አባ" እላለሁ። እናቴም በመስኮቱ "ሞታለች እንዳትሉኝ" ትላለች። እኔ ፈራሁ። ይሄ ጥፋት ነው እኔን የሚያስቀረኝ ብዬ ፈራሁ። ልጅ ከተማ ስትገባ እናቷን ረሳች ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ለአጎቴ ቢነገር ምን ይባላል? አስቤ አስቤ አንድ ቀን ከራሴ ጨመርኩበት። ልክ እንደማነብ ሆኜ፣ ልጅቷ ለእናቷ ደብዳቤ ስትጽፍ አስገባሁ፦ "እማ፣ እግርሽ ተሻለሽ ወይ? ሌሊት ሌሊት ስትስዪ የምትይዢውን ትራስ አስታውሳለሁ። ጥር ሳይገባ እመጣለሁ።"

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

"የማን ቃል ነው ይሄ?"

"የደራሲው አባ።"

"የሱ ሴቶች ደብዳቤ ሲጽፉ ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለቅሳሉ። ይቺ አላለቀሰችም። የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ። መሬት ብትሰነጠቅልኝ በገባሁ።

ኪታብ ላይ ቃል መጨመር በአባቴ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አታውቂውም። ተነሥተው ገቡ። ሁለት ቀን ንባብ የለም። አስር ይሰገዳል፣ ደረሶቹ ይበተናሉ፣ አባቴ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ደሴ ቀረች ብዬ ልብሴን ከሻንጣዬ መልሼ ሰቀልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

"የሌለ ቃል አይጨመርም" አሉ። "ሰውየው ተሳስቷል። ተሳስቷል ብለሽ ትነግሪኛለሽ እንጂ አትሸፍኚለትም። ለወደዱት ነገር ጥፋቱን መሸፈን ውለታ አይደለም። ገባሽ?"

"ገባኝ አባ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑና "ደብዳቤው ግን ጥሩ ነበር" አሉ። "በይ ቀጥዪ።"

አሁን አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መጽሐፍ አንብበው ጠንካራና ደካማ ጎኑን ጽፈው ይመጣሉ። "ጠንካራ ጎን፦ ቋንቋው ግልጽ ነው። ደካማ ጎን፦ የለውም።" እናደዳለሁ! የለውም ትላለህ? ማክሰኞና ሰኞ ተጣልተውብህ አላየህም? ደግሞስ ቋንቋው ግልጽ ነው ብቻ? የት ቦታ ላይ ነው ምሳህን ያስረሳህ? ቅዳሜ የገዛሁትን በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁበት ጥፋት አባቴ ካገኙት ይበልጣል። ዕንባ በየገጹ ይፈሳል፤ ልብ በየምዕራፉ ሦስት ጊዜ ይቆማል። ያም ሆኖ ፊቱ ከመድኃኒቱ ውስጥ የሚወጣበትን ገጽ የመሰለ ብዙ አላነበብኩም። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ የግንባር መስመር፣ ከዚያ አንድ ዓይን... ደራሲው አይቸኩልም፤ አንባቢውን መድኃኒቱ ሳህን ላይ ጎንበስ አድርጎ ያቆየዋል። ይሄን የሚችል ደራሲ ሌላው ሁሉ ይቅር ይባልለታል፤ እኔ በበኩሌ ብያለሁ።

መጨረሻው ላይ የደረስነው አጎቴ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ልጅቷ ፎቶውን ከደበቀችበት ታወጣዋለች። ማስረጃው ሁሉ የሚጠቁመው የምትወደውን ሰው ነው። ብታቃጥለው ማንም አያውቅም። እሷ ግን ይዛው ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ "ያየሁት ይሄ ነው" ብላ ትነግራቸዋለች፤ ስትወጣም በሩ ላይ ሰውየውን ታገኘዋለች፤ እሱም "ደግ አደረግሽ" ይላታል። እዚህ ላይ ዝናቡ ቆሞ ነበር። ከጣራው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ይሰማል። አባቴ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አሉና ጉንጫቸውን በኩታቸው ጠረጉ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ያለው ያው እንደምትገምቺው ነው። እውነተኛው ወንጀለኛ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሆኖ ይገኝና አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ይናዘዛል። "ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ይሄን ሁሉ የሚለፈልፍ ሌባ የት አገር አለ? አሁን እንኳ ደራሲው ደክሞታል" አሉ። ሲጋቡም "ኒካሁን ማን አሰረ?" ብለው ጠየቁ። መጽሐፉ አይልም።

አጎቴ መጡ። አጎዛው ላይ ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት ግን ሥሩን አዩ። እናቴም ነርሷም በር ላይ ቆሙ። እኔ መቆሚያ ጠፍቶኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

አባቴ መጽሐፉን እጃቸው ላይ ይዘው ጀመሩ። ታሪኩን፣ ሐይቅ ሰጠመ የተባለውን ነጋዴ ሳይቀር፣ ባጭሩ አወሩና ወደ ጥፋቱ ገቡ። ቀኑ እንደተሳሳተ፣ ሰው በየመንገዱ በድንገት እንደሚገናኝ፣ ሌባው እንደለፈለፈ፣ ሁሉም ነገር ተነገረ። "ከሁሉ የከፋው" አሉ፣ "የታመመች እናት ምዕራፍ ሦስት ላይ ጥሎ ተመልሶ አላያትም። ይሄ ነውር ነው።" አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጅቱስ?" አሉ አጎቴ፤ "እጇን የተያዘችው?"

"ልጅቱ ደህና ልጅ ናት። የምትወደው ሰው ላይ የሚመሰክር ፎቶ እጇ ገባ። ብትደብቀው የሚያያት የለም፤ ብትናገር የምትጎዳው ራሷ ናት። ሄዳ ያየችውን ተናገረች። እኔ ስንት ወንድ አውቃለሁ ይሄን የማያደርግ።"

"ለካስ ሰውየው ገዳይ ነው?"

"አይደለም። ነጋዴውም አልሞተም።"

"እንዴ! ታዲያ ሐይቅ የገባው ማነው?" አጎቴ ወደ ፊት ተጎተቱ። ነርሷ ሳቋን ለመያዝ ወደ ውጭ ዞረች። አባቴ ግን ሊነግሯቸው አልወደዱም፤ "ከፈለጉ ልጅቱ ታንብብልዎት። ፍርዴ ግን ይሄ ነው፤ መጽሐፉ ጥፋት አለበት፣ ክፋት የለበትም። የሰማሁትም ደስ እያለኝ ነው። ልጄም ጥፋቱን ከደጉ ለይታ ነው ያነበበችልኝ። ደሴ ትሄዳለች።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

ነርሷ እልል አለች። እኔ አባቴ እግር ላይ ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እናቴ ግን እልል አላለችም፤ ወደ ውስጥ ገባች። መለያየቱ ከብዷት ነው ብዬ ነበር።

መስከረም ገብቶ ሄድኩ። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ትከሻዬን ይዘው መጡ። እኔ ያን ትከሻዬን መያዛቸውን ከፍቅር ነው የቆጠርኩት፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም።

ጥር ላይ ለእረፍት ተመለስኩ። አባቴ መስጂድ ነበሩ። ገብቼ የኪታቦቹን መደርደሪያ አየሁት፤ ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልለው ታስረዋል። "እማ፣ እነዚህ ምነው?" አልኳት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቁጭ አለች። "አንቺ ከሄድሽ አልተከፈቱም" አለች። "ደረሶቹ እንደሁ የሚያነቡት የየራሳቸውን ነው፤ እነዚህን ማን ያንብብላቸው? አባትሽ አያዩም። ሐምሌ ላይ ደሴ ለቅሶ ብለው የሄዱት ለዓይናቸው ነበር። ነርሷ ናት የወሰደቻቸው። ሐኪሞቹ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አሏቸው።"

"ከመጽሐፉ በፊት?"

"ከመጽሐፉ በፊት። ያኔ መብራትና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት። 'ካወቀች አትሄድም' ብለው እኔንም ነርሷንም አስማሉን። አጎትሽ ፊት 'ትቅር' ቢሉ ማንም አያማቸውም ነበር፤ ዓይናቸው አንቺ ነበርሽ። ያን ቀን ስትስሚያቸው ማየት አቅቶኝ ነው የገባሁት።"

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። በራሴ፣ በነርሷ፣ በእናቴ፣ በሳቸው፣ በዚያ ፎቶ ቤት ሳይቀር! ከመስጂድ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸውና ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ "አልመለስም አባ፤ እዚሁ ሆኜ አነብልዎታለሁ" አልኳቸው።

"ማን ነገረሽ?" አሉ። ትከሻዬን በእጃቸው ፈልገው ያዙና "ፍርድ አይገለበጥም ልጄ" አሉኝ። ያን ሁለት ሳምንት ከአስር በኋላ በረንዳው ላይ እየተቀመጥን አነበብኩላቸው፤ ኪታቡን፣ የመማሪያ መጽሐፌን፣ ያገኘሁትን ሁሉ።

የምሄድበት ቀን ደረሰ። ሚኒባሱ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነሳው። ነቅቻለሁ፤ ግን እንዲያመልጠኝ ሆነ ብዬ አልተነሳሁም። ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ አድርጌ ውጭ የዶሮውን ጩኸት እየሰማሁ ነበር። የክፍሌ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መጡ፤ አልጋዬን አገኙት፣ ከዚያ እግሬን።

"ተነሺ" አሉ። "መኪናው አይጠብቅሽም።"